ቁጥጥሩ ሕፃኑን ይከተል፦ ስለ ቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት ግልጽ ደብዳቤ

ለዩናይትድ ስቴትስ የትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ትምህርት ፕሮግራሞች ቢሮ፣
እንዲሁም በየክፍለ ግዛቱ የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎትን ለሚመሩ መሥሪያ ቤቶች

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ያሉ፣ የአካል ጉዳት ወይም የዕድገት መዘግየት ያለባቸው ሕፃናት የሚያገኙትን የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት መንግሥት የሚቆጣጠርበት መንገድ ሊያየው የሚገባውን ሁሉ እያየ ስላልሆነ ነው። ልጄ በዚህ ፕሮግራም ያለፈ እናት ነኝ፤ ከዚያ ወዲህም እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ወላጆች ለስብሰባ ሲጠሩ አብሬአቸው እቀመጣለሁ፣ የሚደርሳቸውን ወረቀት አነብላቸዋለሁ። የዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ ለቢሮው ተልኳል፤ በአማርኛም በይፋ ያወጣሁት ጉዳዩ የሚነካቸው ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ለመንግሥት ምን እንደተባለ እንዲያውቁ ፈልጌ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ልጄ ዛሬ ለደረሰበት ደረጃ ባለውለታው ነኝ። ኮንግረስ በ1986 ያወጣውና በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙበት ሕግ ቁጥር 99-457 ትምህርት ቤት ለመግባት ገና ያልደረሱ ሕፃናት እርዳታ የሚያገኙበትን ሥርዓት ዘረጋ፤ ዛሬ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ ክፍል ሲ ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ነው፤ በ2004 የተደረገው ማሻሻያና በ2011 የወጣው ደንብም አሁን ያለውን መልክ ሰጥተውታል። በዚህ ሕግ መሠረት የመስማት ችግር ያለበት፣ ዳውን ሲንድረም ይዞት የተወለደ፣ ወይም መቀመጡ፣ መዳሁ፣ አፍ መፍታቱ የዘገየበት ሕፃን እንደ ፍላጎቱ ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና)፣ ፊዚካል ቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና)፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (ለዕለታዊ ክንውኖች የሚያግዝ ሕክምና) እና ሌላም አገልግሎት በተቻለ መጠን በቤቱና እኩዮቹ በሚውሉበት ስፍራ ያገኛል፤ ወላጆቹም በየዕለቱ ልጃቸውን ሲያጥቡ፣ ሲያበሉና ሲያጫውቱ እንዴት እንደሚያግዙት ይማራሉ። በአንድ የተወሰነ ቀን ሲቆጠሩ በመላ አገሪቱ ከ400 ሺህ በላይ ሕፃናት በዚህ አገልግሎት ውስጥ ይገኛሉ። ሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛቶች ተገደው ሳይሆን በፈቃዳቸው የገቡበት ፕሮግራም ነው።

ደንቡ የሚያዘውም ግልጽ ነው። ሕፃኑ አገልግሎት ሊያስፈልገው እንደሚችል የተረዳ ሐኪም ወይም ሌላ ሪፈር የማድረግ ኃላፊነት ያለበት አካል በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን በ7 ቀናት ውስጥ ሪፈር ያደርገዋል። ሪፈራሉ ለፕሮግራሙ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀናት ውስጥ ምርመራውና ግምገማው ተጠናቆ፣ ወላጅ ባለበት የመጀመሪያው የተናጠል የቤተሰብ አገልግሎት ዕቅድ፣ ማለትም ሕፃኑና ቤተሰቡ የሚያገኙት አገልግሎት የሚሰፍርበት ሰነድ፣ ስብሰባ ይደረጋል። ዕቅዱ በየ6 ወሩ ይከለሳል፣ በየዓመቱም ይገመገማል። ለቅድመ ትምህርት ቤት ልዩ ትምህርት ብቁ ሊሆን ይችላል ተብሎ ለሚገመት ሕፃን ደግሞ ሦስት ዓመት ከመሙላቱ ቢያንስ 90 ቀናት ቀደም ብሎ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ የሽግግር ስብሰባ ይጠራል።

ይህ ሁሉ መፈጸሙን ለማረጋገጥ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 1 ሪፖርቱን ለቢሮአችሁ ያቀርባል፤ ቢሮውም መርምሮ መስፈርቱን ያሟላ፣ እርዳታ የሚያስፈልገው፣ ጣልቃ መግባት የሚያስፈልገው፣ ወይም ከፍተኛ ጣልቃ መግባት የሚያስፈልገው በሚሉት አራት ደረጃዎች በአንዱ ይመድበዋል። አገልግሎት በጊዜው መጀመሩን፣ የ45 ቀኑ ገደብ መከበሩንና ሽግግሩ በወቅቱ መደረጉን የሚለኩት መመዘኛዎች ዒላማቸው 100 በመቶ ነው። ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ የዒላማውን ከፍታ አይመለከትም፤ ቁጥሩ ከምን እንደተሠራና በውስጡ ምን እንደተሸፈነ ነው የሚመለከተው።

ደንቡ ከ45 ቀኑ ገደብ ሁለት ሁኔታዎችን ለይቶ ያወጣል። አንደኛው ሕፃኑ ወይም ወላጁ በልዩ የቤተሰብ ሁኔታ ምክንያት ሳይገኝ ሲቀርና ይኸው በፋይሉ ሲመዘገብ ነው፤ ሌላው ፕሮግራሙ ደጋግሞ መሞከሩ በጽሑፍ ተይዞ ወላጅ ፈቃዱን ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ሕፃኑ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አልተገመገመም ተብሎ ፕሮግራሙ ሊወቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ ክፍለ ግዛቶች መቶኛውን ሲያሰሉ በልዩ የቤተሰብ ሁኔታ ዘገየ ተብሎ የተመዘገበውን በጊዜው ከተከናወነው ጋር እንዲደምሩ ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም 100 በመቶ አሟልቻለሁ ሲል ሁሉም ሕፃናት በ45 ቀናት ውስጥ ተገምግመዋል ማለቱ አይደለም፤ ያልተገመገሙት ሁሉ የዘገዩት በቤተሰባቸው ምክንያት ነው ማለቱ ነው። ምክንያቱን በፋይሉ ላይ የሚጽፈውም የዘገየው ፕሮግራም ሠራተኛ ራሱ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ እኔ ከማውቃቸው ቤተሰቦች መካከል ብዙዎቹ ከቁጥጥር እይታ የሚወጡት እዚህ ላይ ነውና። ለወላጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይላካል፤ ወላጅ ደብዳቤው ከሌሎች ማስታወቂያዎች በምን እንደሚለይ አያውቅም። በእንግሊዝኛ የድምፅ መልእክት ይቀመጣል፤ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራው አባት ቢሰማውም መልሶ ሲደውል የሚያነሣለት ሰው የእርሱን ቋንቋ አይናገርም። ቀጠሮ ተይዞ አስተርጓሚው ይቀራል፤ ሠራተኛዋ ሌላ ቀን ይሻላችኋል ወይ ብላ በምልክት ስትጠይቅ እናት አንገቷን ትነቀንቃለች፤ በፋይሉ ላይ ቀጠሮው በወላጅ ጥያቄ ተላለፈ ተብሎ ይጻፋል። ደንቡ ወላጅ የልጁን ፋይል የማየት መብት ይሰጠዋል፤ ጥያቄው ከቀረበ ከ10 ቀናት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ፋይሉ መቅረብ አለበት። በዚህ መብት ተጠቅመው ፋይላቸውን ካስወጡ ወላጆች ጋር ተቀምጬ ሳነብ፣ ስልክ አያነሡም፣ ፍላጎት አላሳዩም፣ ለመወሰን ጊዜ ጠየቁ የሚሉ መስመሮች አግኝቻለሁ። እነዚያ ወላጆች ስለ ልጃቸው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ናቸው። የተጻፈባቸውን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ኀዘን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ካስገደዱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

የአስተርጓሚ አለመገኘት ልዩ የቤተሰብ ሁኔታ አይደለም፤ የሥርዓቱ ጉድለት ነው። ደንቡ ራሱ ለወላጅ አስቀድሞ የሚሰጠው የጽሑፍ ማስታወቂያ ፈጽሞ የማይቻል መሆኑ ግልጽ ካልሆነ በስተቀር ወላጁ በሚጠቀምበት ቋንቋ እንዲሆን፣ ቋንቋው የማይጻፍ ከሆነም በቃል እንዲተረጎም ያዛል፤ ፈቃድ ሲጠየቅም ሆነ የዕቅዱ ስብሰባ ሲደረግ እንዲሁ። ሕፃኑን መገምገምን በሚመለከትም፣ ለዕድገቱ ተገቢ መሆኑን ባለሙያ ካመነበት፣ ሕፃኑ በሚሰማውና በሚጠቀምበት ቋንቋ መደረግ አለበት ይላል። የሁለት ዓመት ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ኳሱን አምጣ ተብሎ ዝም ቢል ዝምታው ስለ ልጁ የሚናገረው ነገር የለም፤ በዚያ ዝምታ ላይ የተመሠረተ ውጤት ግን የማያስፈልገውን አገልግሎት ሊያዝለት፣ የሚያስፈልገውንም ሊነፍገው ይችላል። ስለዚህ ቢሮአችሁን የምጠይቀው ይህ ነው፦ በልዩ የቤተሰብ ሁኔታ ዘገየ ተብሎ የሚመዘገበው ሁሉ ከመቶኛው ውጭ ለብቻው፣ ከነምክንያቱ ዝርዝርና ከቤተሰቡ ቋንቋ ጋር ሪፖርት ይደረግ፤ ክፍለ ግዛቱም ከእነዚህ ፋይሎች መካከል ናሙና ወስዶ ወላጁን ራሱን በሚያውቀው ቋንቋ ደውሎ ይጠይቅ። ፋይል በፋይል ሊረጋገጥ አይችልም።

አገልግሎቱ ከተጀመረ በኋላም የሚሆነው ከዚህ የተሻለ አይታይም። በሪፖርቱ የመጀመሪያው መለኪያ በዕቅዱ ላይ የሰፈረው አገልግሎት በጊዜው መጀመሩን ይጠይቃል፤ በጊዜው የሚለውን ክፍለ ግዛቱ ራሱ ይወስነዋል፣ በብዙዎቹ ዘንድም ወላጅ ከፈቀደ በኋላ 30 ቀናት ነው። ቴራፒስቷ በ28ኛው ቀን አንድ ጊዜ ከመጣች መለኪያው ተሟልቷል። በሚቀጥለው ወር ሥራ ብትለቅ፣ ተተኪ ሳይመደብ ሁለት ወር ቢያልፍ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ተብሎ የታቀደው በወር አንድ ጊዜ ቢሆን በዚህ መለኪያ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። እንደ ወላጅ ስመሰክር ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያው ጥበቃ አልነበረም፤ የተጀመረው ሲቋረጥ ነበር፤ ልጁ ሰውየውን ለምዶ፣ ድምፁን ሲሰማ መሳቅ ጀምሮ ሳለ ሲቀር ነው። ክፍለ ግዛቶች ለአገልግሎት ሰጪዎች የሚከፍሉት በተሰጠው ክፍለ ጊዜ ቁጥር በሆነበት ቦታ ሁሉ መረጃው በክፍያ መዝገብ ውስጥ አለ። በዕቅዱ ላይ የሰፈረውን ሰዓት ከተከፈለበት ሰዓት ጋር ማስተያየት አዲስ ቅጽ አይጠይቅም፤ ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። ይህን መጠየቅ ለምን እንደዘገየ አይገባኝም።

ጥሰት ሲገኝ የሚሆነውን ደግሞ እንመልከት። ፕሮግራሙ ጥሰቱን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን በጽሑፍ ከተነገረው በአንድ ዓመት ውስጥ ማረም አለበት። ለመሥሪያ ቤት አንድ ዓመት አጭር ሊሆን ይችላል። የዚህ ፕሮግራም ሙሉ ዕድሜ ግን ሦስት ዓመት ነው፤ ለእርማት የተሰጠው ጊዜ የዚያን ሲሶ ይወስዳል፤ በ18 ወሩ ሪፈር ለተደረገ ሕፃን ደግሞ ከቀረው ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ነው። የመስማት ችግርን በሚመለከት የሙያው መርሕ ሕፃኑ በ1 ወሩ እንዲመረመር፣ በ3 ወሩ ችግሩ እንዲረጋገጥ፣ በ6 ወሩ አገልግሎት እንዲጀምር የሚል ነው፤ በዚህ ዕድሜ እያንዳንዱ ወር የቋንቋ መሠረት የሚጣልበት ወር ስለሆነ። ቢሮአችሁ በጁላይ 2023 ባወጣው የአጠቃላይ ቁጥጥር መመሪያ ክፍለ ግዛቶች እርማቱ ለእያንዳንዱ ለተጎዳ ሕፃን መድረሱን፣ ፕሮግራሙም በአዲስ መረጃ 100 በመቶ ሕጉን ማክበሩን እንዲያረጋግጡ ጠይቋል፤ ይህ ካለፈው የተሻለ ጥብቅ አሠራር ነውና አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሕፃኑ እስከዚያ ሦስት ዓመት ሞልቶት ከፕሮግራሙ ወጥቶ ከሆነ የሚታረምለት ነገር አይኖርም፤ ጥሰቱ ታርሟል ተብሎ ይዘጋል፣ የቀረበት ወራት ግን ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ለሕፃናት የተሠራ ቁጥጥር የእርማት ጊዜውን በሕፃን ዕድሜ መለካት አለበት፤ አንድን ሕፃን በቀጥታ የሚመለከት ጥሰት በወራት ሳይሆን በሳምንታት እንዲታረም ክፍለ ግዛቶች ራሳቸው አጭር ገደብ ሊያስቀምጡ ይችላሉ፤ ደንቡ የሚከለክላቸው ነገር የለም።

ቢሮው ከ2015 ጀምሮ ከሕግ መከበር ባሻገር ውጤትንም እመለከታለሁ ብሎ የሕፃናቱን ለውጥ በደረጃ አሰጣጡ ውስጥ ማስገባቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ለውጣቸው የሚለካው ቢያንስ 6 ወር አገልግሎት አግኝተው ለሚወጡት ነው፤ ሪፈር ተደርገው ያልተገመገሙት፣ ተገምግመው ያልጀመሩት፣ ጀምረው በሁለተኛው ወር የቀሩት ከስሌቱ ውጭ ናቸው። የቤተሰብ አስተያየት መጠይቁንም የሚመልሰው መጠይቁ የደረሰውና ያነበበው ነው። ለፌዴራል መንግሥት የሚደርሰው ቆጠራ የሕፃናቱን ዕድሜ፣ ፆታና ዘር፣ አገልግሎቱ የሚሰጥበትንም ስፍራ ይይዛል፤ በቤት የሚነገረውን ቋንቋ አይይዝም። የኮንግረስ የኦዲት ክንድ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በኦክቶበር 2023 ባወጣው ሪፖርት ተጨማሪ መረጃ ቢኖር ፕሮግራሞቹ ብቁ ሆነው ሳለ ላልተደረሰላቸው ሕፃናት ይበልጥ ሊደርሱ እንደሚችሉ አመልክቷል። ከሪፈራል እስከ መውጫ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ደረጃ በቋንቋ፣ በዘርና በመኖሪያ አካባቢ ለይቶ መቁጠር ካልተጀመረ ማን የት ላይ እንደቀረ ሊታወቅ አይችልም።

የብቁነት መስፈርቱም ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ በአንዱ የ25 በመቶ መዘግየት ሲበቃ በሌላው 50 በመቶ ይጠየቃል። ይህን የሚለውጠው ኮንግረስ ወይም እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነውና እዚህ አላራዝመውም።

ስለ አቤቱታ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ የአቤቱታ ቁጥር ማነስ የአገልግሎት ጥራት ምልክት ተደርጎ ሲነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ማንኛውም ሰው ወይም ድርጅት በጽሑፍ ተፈርሞ ለክፍለ ግዛቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ መልሱም በ60 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ጥፋት ከተገኘም ክፍለ ግዛቱ ለቀረው አገልግሎት ማካካሻ ወይም የገንዘብ ተመላሽ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። ይህን መብት የሚገልጸው ጽሑፍ ግን በሕግ ቋንቋ የታጨቀ ብዙ ገጽ ሆኖ፣ ወላጅ ሌላ ብዙ ወረቀት ከሚፈርምበት ሰዓት ጋር ይሰጠዋል። ከአገሩ ወጥቶ የመጣ ወላጅ መንግሥትን መክሰስ መዘዝ ያመጣብኛል ብሎ ይፈራል፤ ልጁን በየሳምንቱ የምትረዳዋን ሴት ማስቀየምም አይፈልግም። ከማውቃቸው ወላጆች መካከል ቅሬታ የነበራቸው ብዙ ናቸው፤ በጽሑፍ ያቀረበ ግን እምብዛም የለም። ተቆጣጣሪ አቤቱታ እስኪመጣለት ከጠበቀ የሚሰማው በደንብ መጻፍ የሚችሉትን ብቻ ነው። የአቤቱታው ቅጽ በየቋንቋው በአንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ ወላጅ በቃሉ ተናግሮ ሌላ ሰው ጽፎለት እንዲፈርም ይፍቀድ፤ በአገልግሎት አስተባባሪውም በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለክፍለ ግዛቱ ይድረስ።

የሕዝብ ሪፖርቱም እንዲሁ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በሥሩ ያሉትን ፕሮግራሞች አፈጻጸም፣ ዓመታዊ ሪፖርቱን ካቀረበ በኋላ ከ120 ቀናት ባልበለጠ ጊዜ ለሕዝብ እንዲያወጣ ያዛል። ይወጣልም። የሚወጣው ግን ወላጅ ስለ ሰፈሩ ፕሮግራም አንድ ነገር ሊረዳበት በማይችል ሠንጠረዥ ነው፤ ስንት ሕፃናት ሪፈር ተደረጉ፣ ስንቱ ተገመገሙ፣ ስንቱ ጀመሩ፣ ስንቱ ተቋረጠባቸው የሚለውን በአራት መስመር የሚናገር የለም።

ገንዘብና ሰው እንደሚያንሳችሁ አውቃለሁ። በ2024 በጀት ዓመት ለክፍል ሲ የተመደበው የፌዴራል ገንዘብ 540 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለሕፃናቱ ሲካፈል ለአንዱ ከአንድ ሺህ ዶላር እምብዛም አይርቅም፤ የቀረውን ክፍለ ግዛቶች፣ ሜዲኬይድ የተባለው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድንና በአንዳንድ ስፍራ ቤተሰቦች ይሸፍኑታል። የትምህርት ሚኒስቴሩ ሠራተኞች ቁጥር በማርች 2025 ወደ ግማሽ ገደማ እንዲቀነስ መወሰኑም ለሁላችንም ተሰምቷል። ሆኖም ከላይ የጠየቅኋቸው ነገሮች አብዛኞቹ አዲስ ሠራተኛ አይፈልጉም፤ ያለውን መረጃ በሌላ ዓይን ማየትን ይፈልጋሉ። የተቆጣጣሪው ቁጥር በቀነሰ መጠን ደግሞ በእጁ ያለችው ቁጥር እውነቱን የምትናገር መሆን ይኖርባታል፤ መሬት ወርዶ የሚያጣራ ሰው በሌለበት ያቺ ቁጥር ብቻዋን ትፈርዳለችና።

ለክፍለ ግዛት መሪ መሥሪያ ቤቶች የምለው አንድ ነገር አለ። በየክፍለ ግዛቱ ያለው፣ ይህን ፕሮግራም የሚያማክረው የመሥሪያ ቤቶች አስተባባሪ ምክር ቤት ወላጆች እንዲቀመጡበት በሕግ የተወሰነ ነው። ከእነዚያ ወንበሮች ቢያንስ አንዱን እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋው ላልሆነ ወላጅ ስጡ፤ አስተርጓሚ፣ የጉዞ ወጪና ልጁን የሚጠብቅለት ሰውም አዘጋጁለት። ያ ወላጅ በአንድ ስብሰባ የሚነግራችሁ ነገር በምትመረምሩት ፋይል ውስጥ አይገኝም።

በመጨረሻም ለልዩ ትምህርት ፕሮግራሞች ቢሮ። የዓመታዊ ሪፖርቱ መለኪያዎች በሚከለሱበት ጊዜ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ በይፋ ትጋብዛላችሁ፤ ግብዣው ግን የሚወጣው ወላጆች በማያነቡት የፌዴራል መዝገብ በተባለው የመንግሥት ማስታወቂያዎች ኅትመት ላይ ነው። የሚቀጥለው ክለሳ ሲመጣ ግብዣው በክፍለ ግዛቶች በኩል ለእያንዳንዱ በፕሮግራሙ ውስጥ ላለ ቤተሰብ በሚረዳው ቋንቋ እንዲደርስ፣ በአማርኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ አስተያየትም ተተርጉሞ ከሌላው እኩል እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። ይህ ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እለምናለሁ፤ መልሳችሁ እንደደረሰኝ አብረውኝ ለሚቀመጡት ወላጆች አነብላቸዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በቅድመ ጣልቃ ገብነት ፕሮግራም ያለፈ ልጅ እናት